ሱቁ የተከፈተው እኔ ጋ ነው

እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀይዋ በርታለች። እሺ ሰላም ሰላም። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ርዕስም የለም፣ ባለፈው ቃል የገባሁት ነገር ለሚቀጥለው ይለፈኝ፣ ምክንያቱም አንድ ሳቅ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የራሴ ሳቅ ነው ደግሞ።

ደሴ ያለችው የአክስቴ ልጅ፣ ታውቋታላችሁ፣ ያቺ "ጋሼ ፖድካስትህ እንቅልፍ ላጣ ሰው ጥሩ ነው" ያለችኝ። እሷ ፒኤችፒ ጀምራለች፣ ሳይት የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ። እናቷ ባልትና ትሸጣለች፣ እና ለሷ ሳይት ልሠራ ነው ብላ ሰው ፍላሽ ላይ ያገኘችውን የድሮ ዛምፕ፣ ላፕቶፕን ሰርቨር የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ጫነች፣ ከኔት አላወረደችውም ዳታ ይበላል ብላ፣ ልክ ናት፣ ሁላችንም በፍላሽ ነው ያደግነው።

ማታ ደወለች። አፓቺ ላይ፣ ዛምፕ ውስጥ ገጹን የሚያቀርበው ሰርቨር ማለት ነው፣ ስታርት ስትል ቢጫ ይሆናል ከዛ ይጠፋል፣ ታች በቀይ ተጽፏል፣ ፖርት 80 ተይዟል የያዘው ፒአይዲ 4 ነው። ፖርት ሰርቨሩ ሰው የሚቀበልበት በር ነው በሉት፣ ፒአይዲ ደግሞ የፕሮግራም መለያ ቁጥር። ቫይረስ ነው ብላ ደንግጣለች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ፒአይዲ 4 የማውቀው ነገር ነው፣ ስንት ሰው አልቅሶበታል። ዊንዶውስ ራሱ ነው፣ ሲስተም የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይአይኤስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ሰርቨር ማንም ሳይጠራው ከጀርባ ተነስቶ 80ን ይዟት ቁጭ ብሏል። ድሮ ስካይፕም እንደዛ ያደርግ ነበር፣ 80ንም 443ንም ይይዝና አፓቺ በረንዳ ላይ ይቀራል። ሰርቪሱን ማጥፋት ይቻላል ግን በስልክ እዛ ውስጥ መግባት አልፈለግኩም፣ የአፓቺን ማስተካከያ ፋይል ኤችቲቲፒዲ ኮንፉን ክፈቺና ሊስን 80 የሚለውን ሊስን 8080 አርጊው፣ ሰርቨር ኔም የሚለው ጋም እንደዛው፣ ሴቭ፣ ስታርት። አረንጓዴ። ጮኸች። እናቷ ከጓዳ "ምን ሆንሽ" ስትል ይሰማኛል።

8080 ያልኳት ለምን መሰላችሁ፣ የኔም 8080 ስለሆነ ነው። ኤችቲዶክስ፣ የሳይቱ ፋይሎች የሚቀመጡበት፣ እዛ ውስጥ የምትከፍቺውን ፎልደር ሱቅ በይው አልኳት፣ የኔም ሱቅ ስለሚባል። ዝም ብለሽ እንደኔ አርጊው። ይሄን ያዙልኝ።

ከዛ ዳታቤዝ። ኧረ እሱ! ፒኤችፒማይአድሚን ላይ፣ ዳታቤዙ ተከፍቶ የሚሞላበት ገጽ፣ ዕቃዎቹን አስገባች፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሴቭ ስትል ሁሉም ጥያቄ ምልክት ሆነ። በርበሬ አራት ጥያቄ ምልክት፣ ሚጥሚጣም አራት፣ ሽሮ ሁለት በሶም ሁለት። "ጋሼ ሰው በርበሬ አዞ ሚጥሚጣ ሊደርሰው ነው" ትላለች፣ እንዴት እንደሳቅን። ኮሌሽኑ፣ ፊደል የሚደረደርበት ሥርዓት፣ ምን ይላል ስላት ላቲን 1 ስዊዲሽ። "ስዊድን ምን ቤት ናት እዚህ?" በቃ እዚህ ጋ ነው እኔን ማቆም የማይቻለው። ማይኤስኪውኤልን፣ ዳታቤዙን ማለት ነው፣ የሠራው ካምፓኒ የስዊድን ነበር፣ ስለዚህ በድሮዎቹ ቨርዥኖች ምንም ካልመረጥሽ ፊደል የሚደረደረው በስዊድን ሥርዓት ነው አልኳት፣ እና ማይ ደግሞ የሰውየው የሞንቲ ዊዴኒየስ ልጅ ስም ነው፣ ማይ የምትባል ልጅ አለችው፣ ካምፓኒው በፈረንጆቹ በ2008 ሰን ለሚባል ካምፓኒ ተሸጠ፣ ሰን ደግሞ በ2010 ኦራክል እጅ ገባ፣ ሰውየው ግን ገና ሽያጩ ሳያልቅ በ2009 አኩርፎ ኮዱን ይዞ ሌላ ሠራ፣ እሱን ደግሞ በሁለተኛዋ ሴት ልጁ ማሪያ ስም ማሪያዲቢ አለው፣ ዛምፕም ከ2015 ጀምሮ ማሪያዲቢ ነው የሚጠቀመው በተኑ ላይ ግን እስከዛሬ ማይኤስኪውኤል ነው የሚለው። በመሀል "ጋሼ ካርዴ እያለቀ ነው" አለችኝ።

ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4፣ አማርኛም የሚችለውን፣ አርጊው አልኳት በአጭሩ። አረገችው። ግን የድሮዎቹ አልተመለሱም፣ እንደገና ጻፊያቸው አልኳት። አልገባትም፣ "አሁን አማርኛ ይችላል አላልክም?" ይችላል፣ ግን ያኔ ፊደሉን ማስቀመጥ ሲያቅተው በቦታው እውነተኛ ጥያቄ ምልክት ነው ያስቀመጠው፣ ፊደሉ የትም ተደብቆ የለም፣ ጠፍቷል። ያሳዝናል አይደል? ግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ፣ ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደል ለኮምፒውተር የተመዘገበበት ዝርዝር፣ እሱ ውስጥ አለ፣ ቦታ አጥተን አይደለም። ሶፍትዌሩ ካልነገርከው አንተ መኖርህን አያውቅም፣ በቃ። ወደዛ አልሄድም ዛሬ።

እሺ ሳቋ። ከዛ በኋላ ሁለት ቀን ይሁን ሦስት ጠፋች፣ ከዛ በቴሌግራም ሊንክ ላከች። ሎካልሆስት 8080 ስላሽ ሱቅ። ቀጥላ ደወለች። "ላክሁልህ፣ አየኸው?" ቆይ ልክፈተው አልኩ፣ ላፕቶፑ ፊቴ ነው፣ ቴሌግራሙም እሱ ላይ ነው፣ ጠቅ አልኩት።

ተከፈተ።

መከፈት አልነበረበትም! ቴክ የማታውቁ ላስረዳችሁ፣ ሎካልሆስት ማለት ይሄው ራሱ ኮምፒውተሩ ማለት ነው፣ 127.0.0.1፣ ከማሽኑ አይወጣም፣ ደሴ ስትጽፈው ደሴ ነው አዲስ አበባ ስትጽፈው አዲስ አበባ፣ የራስህን በር አንኳኩተህ ራስህ "ማነው" እንደማለት ነው። የሌላ ሰው ሎካልሆስት ሊንክ ሲላክልህ ወይ ምንም አይመጣም ወይ ደግሞ፣ በዛው ፖርት በዛው የፎልደር ስም አንተ ጋ የሆነ ነገር ካለ፣ ያንተው ይመጣል። እና ምን መጣ? የቲሸርቱ ሱቅ። አዎ። ያ የቲሸርት ሱቅ፣ "ቲሸርቱስ?" እያላችሁ የምትገድሉኝ። አለ፣ ተሠርቷል፣ ጥቁርና አረንጓዴ፣ ኤክስኤል ድረስ፣ ጋሪው ይሠራል፣ ከላይ በትልቁ "በቅርብ ቀን" ይላል። በቅርብ ቀን!

ሳቅኩ። እንዴት ያለ ሳቅ፣ ከሆድ የሚመጣ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው።

እሷ ጋ ዝም። እኔ ገና እየሳቅኩ ነው። ከዛ "እሺ በቃ ዝጋው" አለችኝ። ድምጿ... ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ የተቆጣ ሰው ዓይነት አይደለም። እኔ "አይ አይ አንቺ፣ ያንቺን አይደለም፣ የኔ ነው የተከፈተው" ማብራራት ጀመርኩ፣ ፖርት፣ ፎልደር፣ ሎካልሆስት። ጨረስኩ። "እና የኔን አላየኸውም?" አላየሁትም። "ከኔ ሌላ ማንም አያየውም?" ማንም። "ጎሽ" አለች። "እንደዛ ይሻላል።"

ይቺ ናት። "ጎሽ"ዋን ደጋግሜ አስባታለሁ። አንዳንዴ እፎይታ ትመስለኛለች፣ አንዳንዴ ተቀይማ ነው እላለሁ፣ የሳቄን ምክንያት ነግሬያታለሁ እኮ ግን ሰው መጀመሪያ የሰማውን ነው የሚይዘው። ወይ ደግሞ እውነትም ይሻላል ብላ ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም፣ ልጅቷ ዓይናፋር ናት፣ ለእናቷ እንኳን ገና አላሳየቻትም፣ "እማዬ አይታ ይሄው ነው? እንዳትለኝ" ብላኛለች በፊት።

እኔ ደግሞ ማን ሆኜ ነው "አውጪው፣ ሆስቲንግ ግዢ፣ ኢንተርኔት ላይ ቦታ ተከራዪ" የምላት። አልኳት እኮ፣ በዛው ስልክ ላይ ማለቴ ነው፣ ስንት ስለ ዶሜይን አወራሁ፣ በዶላር ስለሚከፈለውና ስለማይከፈለው፣ እያወራሁ ፊቴ ላይ "በቅርብ ቀን" ይላል።

ያንን ሱቅ የሠራሁት መቼ እንደሆነ ነግሬያችሁ አላውቅም መሰለኝ። 2012 ሰኔ መጨረሻ፣ ሃጫሉ የተገደለ ሰሞን፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ። ሦስት ሳምንት ገደማ አልነበረም። ላፕቶፑ ላይ ዛምፕ አለ፣ የፒኤችፒ ማኑዋል በፒዲኤፍ አለ፣ ሎካልሆስት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ እና እኔ ቀኑን ሙሉ፣ ማንም ሜሴጅ አይልክ፣ ኮፒ የሚደረግ ኮድ የለ፣ ያልገባኝን እስኪገባኝ ድረስ ማፍጠጥ ነው። በሕይወቴ እንደዛ ሠርቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄን ደግሞ ሳወራ ይጨንቀኛል፣ ሰው እየሞተ ነበር፣ እናቴ ዘመድ ጋ እየደወለች ታለቅስ ነበር፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ የቲሸርት ቀለም እመርጣለሁ። ያኔ ይሄ ትክክል ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አሁንም... እንጃ። ኔት ሲመለስ ሱቁን አላወጣሁትም። ከዛ ጋር ይገናኛል ልል ነበር ግን ምናልባት ዝም ብሎ ስንፍና ነው፣ ሁሉን ነገር ትርጉም አንስጠው።

ብቻ ለሷ ያላልኳት ነገር ትዝ አለኝ፣ ሳታወጣውም ማሳየት ትችላለች እኮ! የእናቷን ስልክ ሆትስፖት አብርታ ላፕቶፑን ብታገናኘው፣ ላፕቶፑ ላይ አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ብትጽፍ አብዛኛውን ጊዜ 192.168 ምናምን የሚል ቁጥር ይሰጣታል፣ እሱን ከነ 8080ው ስላሽ ሱቅ ብላ እናቷ ስልክ ላይ ብትጽፈው ይከፈታል፣ ፋየርዎሉ ይጠይቃት ይሆናል አላው ማለት ነው፣ ገጹን ማየቱ ዳታም አይበላም። እናትየው በስልኳ ታየዋለች፣ በርበሬው በርበሬ ሆኖ። ጽፌ ልልክላት ነበር። ከዛ ደግሞ፣ አልጠየቀችኝም እኮ። እኔ ስቄባት፣ ማለት ስቄባት አይደለም፣ እንዲህ አርገሽ ለእናትሽ አሳዪ ብዬ ብልክላት እንደመግፋት ይሆናል? ወይስ አለመላኩ ነው የባሰው?

ትናንት ቮይስ ልካለች፣ ረጅም ነው፣ አልከፈትኩትም ገና። የሰርቨር ችግር ቢሆን ስክሪንሾት ነበር የምትልከው፣ ችግር ሲሆን ሁሌ ስክሪንሾት ነው የምትልከው፣ ስለዚህ የሰርቨር ነገር አይመስለኝም። ወይ ማይኤስኪውኤሉ አልነሳ ብሎ ይሆናል፣ የሱ ፖርት 3306 ተይዛ፣ የድሮው ዛምፕ ሳይጠፋ አዲስ ከጫነችበት ያጋጥማል፣ ወይ መብራት በመሀል ሄዶ ዳታው ተበላሽቶ፣ እንደዛ ከሆነ ዳታ የሚለውን ፎልደር ሳትነካ መጀመሪያ ኮፒ አርጊ ማለት አለብኝ፣ ኮፒ ሳታደርግ ከነካካችው ደግሞ... ቆይ፣ እሱን ብቻ አሁን ልጻፍላት።