በግንባር የተጻፈው ስም፦ የራእይን ምልክቶች ስለ ማንበብ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

አንድ ቀን ከጉባኤ በኋላ አንዲት እናት ቆመው ጠበቁኝ። ባንክ አዲስ ካርድ ሰጥቷቸዋል፤ አንድ ሰው ደግሞ «ይህ የአውሬው ምልክት ነው» ብሏቸዋል። ካርዱን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። «ልጄ፣ ሳላውቅ ጌታዬን ክጄው ይሆን?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጸሎት የኖሩ ሴት ናቸው። በዚያች ሰዓት ያዘንኩት የዮሐንስ ራእይን እንዲህ አድርገን ባስተማርነው በእኛ ነው። የሚያነበውንም የሚሰሙትንም «ብፁዓን» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ በእጃችን ማስፈራሪያ ሆነ።

አብረን ተቀምጠን ምዕራፍ 13ን ከፈትን። መጨረሻው ላይ ምልክቱ በቀኝ እጅ ወይም በግንባር እንደሚደረግ፣ ቁጥሩም 666 እንደሆነ ይናገራል። ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምንዘጋው እዚያ ላይ ነው። ዮሐንስ ግን አላቆመም። የምዕራፍ ክፍፍሉ የገባው ከእርሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነውና ንባቡን ሳንቆርጥ እንቀጥል። በጉ በጽዮን ተራራ ቆሟል፤ ከእርሱም ጋር ስሙና የአባቱ ስም በግንባራቸው የተጻፈባቸው 144,000 አሉ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ግንባር አለ፤ በሁለቱም ላይ ስም አለ። የበጉ ስም በቀለም ይነቀስብኛል ብሎ የሚጠብቅ አማኝ እስካሁን አላጋጠመኝም። ታዲያ በአንድ ራእይ ውስጥ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለቱን፣ አንዱን በመንፈስ ሌላውን በካርድና በቺፕ የምንፈታው ለምንድን ነው? አነጋገሩም ቢሆን ለዮሐንስ አድማጮች እንግዳ አልነበረም። በዘዳግም 6 እስራኤል የእግዚአብሔርን ቃል በእጁ እንዲያስር፣ በዓይኖቹም መካከል እንዲያደርግ ታዝዟል። በሕዝቅኤል 9 ስለ ከተማይቱ ርኩሰት የሚያለቅሱ ሰዎች በግንባራቸው ምልክት ተደርጎባቸዋል። ነገሩ የማን ነህ፣ ለማን ትሰግዳለህ የሚል ጥያቄ ነው። ምዕራፍ 13ም ስግደትን ደጋግሞ የሚያነሣው ለዚህ ነው።

ይህን ስል ነገሩን እያቀለልኩት አይደለም። ምልክቱ የሌለው «መግዛትና መሸጥ» አይችልም የሚለው ቃል ራእዩ ለተላከላቸው ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በእነዚያ ከተሞች ሥራና ንግድ ከጣዖት ማዕድ ጋር የተሳሰረ ስለነበር፣ አልሰግድም ያለ ሰው ገበያውን ሊያጣ ይችላል። ወደ ፊት የሚፈጸም ነገር የለም ማለቴም አይደለም፤ ጌታ ይመጣል፣ ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ግን መልእክቱ አስቀድሞ የተላከው ለኤፌሶን፣ ለሰምርኔስ፣ ለጴርጋሞንና ለሌሎቹም ነው። እነርሱ ሊረዱት በማይችሉት መንገድ ከፈታነው፣ የእነርሱን ደብዳቤ ነጥቀን የእኛ እንቆቅልሽ አደረግነው ማለት ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ ባጭሩ ልበል። የሮማዊው ንጉሥ የኔሮን ቄሳር ስም በዕብራይስጥ ተጽፎ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ቁጥር ሲደመር 666 ይሆናል፤ በአንዳንድ ጥንታውያን ቅጂዎች ደግሞ 616 ተጽፎ ይገኛል። በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው አባት ሄሬኔዎስ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር። ለቁጥሩ የሚስማሙ ስሞችን ከዘረዘረ በኋላ እንኳ፣ በግምት ስም ከማወጅ ፍጻሜውን መጠበቅ ይሻላል ብሎ መከረ። አሜሪካዊው ሰባኪ ዊልያም ሚለር የዳንኤልን 2,300 ቀን ወደ ዓመት ለውጦ ሲያሰላ፣ ከስሌቱ የተነሣ ብዙ ሺህ ቅን አማኞች ጥቅምት 22 ቀን 1844 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጌታን ጠበቁ። ሌሊቱ አለፈ፣ ነጋ፤ ብዙዎች ልባቸው ተሰብሮ ቀረ። ስለ እነርሱ ሳነብ እንደ ወንድም አዝናለሁ።

ምልክቱን ራሱ መጽሐፉ ሲፈታው ግን እንስማው። በምዕራፍ 1 ሰባቱ መቅረዞች ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ይላል። በምዕራፍ 17 ጋለሞታይቱ የተቀመጠችባቸው ውኃዎች ሕዝቦችና ቋንቋዎች ናቸው ይላል። የምዕራፍ 13 አውሬ ነብርን፣ ድብንና አንበሳን የሚመስለው በዳንኤል 7 የተለያዩ የነበሩት አራዊት በአንድ አካል ስለተጠቃለሉ ነው፤ እነዚያም ነገሥታት መሆናቸው ለዳንኤል ተነግሮታል።

ከሁሉ በላይ ምዕራፍ 5ን ልብ በሉ። በሰባት ማኅተም የታተመውን መጽሐፍ ሊከፍት የሚችል ስላልተገኘ ዮሐንስ እጅግ አለቀሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፦ አታልቅስ፣ የይሁዳ አንበሳ ድል ነሥቷል አለው። የሰማው አንበሳ ነው። ዓይኑን ቀና ሲያደርግ ግን ያየው የታረደ የሚመስል በግ ቆሞ ነው! አንበሳው የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ድል የነሣው በመታረዱ ነው። ከዚህ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ጦርነት ሲጠቀስ፣ ሰይፍ ሲመዘዝ፣ ደም ሲፈስ የምንፈታው ይህን በግ እያየን ካልሆነ፣ ማኅተሙን የምንፈታው እኛው ነን ማለት ነው። ዮሐንስ ያለቀሰው ደግሞ ይህን የሚችል ሰው ስለሌለ ነበር።

እኒያ እናት የምዕራፍ 14ን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መሐረቡን ፈትተው ካርዱን ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩና «ቀጥል እንጂ፣ ከዚያስ ምን ይላል?» አሉኝ።

ዛሬም ንባቡን እንቀጥል። የጥንቶቹ ይህን መጽሐፍ አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ በጆሯቸው ነበር የተቀበሉት። እባካችሁ አንድ ሰው ይነሣና ከምዕራፍ 1 ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልን።