ጎበዝ ልጅ ክረምቱን ምን ይሥራ? (በሰፈር ወላጆች የቅዳሜ መርሐ ግብር የክረምት መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ወንበር አንሷችሁ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ!

በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በአስተባባሪዎቹ ስም አመሰግናለሁ። የእድሩ ኮሚቴ ልጆቻችንን ለምናስተምርበት መርሐ ግብር ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉን፣ የጋራ አዳራሻችንን፣ ያለ ክፍያ ሰጥቶናል። ሐዘን በገጠመ ጊዜ ብቻ ነው ቦታውን የለቀቅነው። ለዚህ ውለታ ምስጋናችን የተለየ ነው።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ካርድ ተሰጥቷል። ሰሞኑን ደረጃ ላይ ስንተላለፍ የምንጠያየቀው "ስንተኛ ወጣ? ስንተኛ ወጣች?" ነው። ከዚያ ቀጥሎ "ክረምቱን የት አስገባችኋቸው?" ይመጣል። ደከም ያለው ልጅ ማጠናከሪያ ይገባል፤ ደግ ነው፣ ያስፈልገዋል። አንደኛ የወጣውስ? ለእሱም ቱቶር ይቀጠርለትና የመጪውን ክፍል መጽሐፍ ሐምሌ ላይ ይጀምራል። መስከረም ሲጠባ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶታል። ታዲያ እስከ ሰኔ ድረስ ምን ሊሠራ ነው? መስኮት ያያል፤ ጎኑ የተቀመጠውን ይነካካል፤ "ረባሽ" ይባላል። ጨዋ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጥና ትምህርት ማለት ሳይለፉ መቶ ከመቶ ማግኘት ነው ብሎ ያድጋል። ይህኛው የበለጠ ያስፈራኛል። አንድ ቀን እውነተኛ ከባድ ነገር ሲገጥመው እጁን ይሰጣል፤ ከባድ ነገር ታግሎ አያውቅማ!

ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፈጣን ልጅ ያለን ሰዎች ልጁን ወደሚቀጥለው ክፍል ማስሮጡን እናቁም፤ ባለበት ክፍል ላይ ሆኖ ጠለቅ ብሎ የሚገባበት ጉዳይ እንፈልግለት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው እውቀት እዚሁ ሰፈር ውስጥ፣ በየብሎኩ ተቀምጧል።

ዘንድሮ ካየኋቸው ቅዳሜዎች አንዱን ልንገራችሁ። መርጌታችን ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ለልጆቹ ሊያሳዩአቸው መጡ። ሰሌዳው ላይ ዓመተ ዓለሙን፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ ጻፉ፤ 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከ13 ላይ አንድ ሲነሣ 12፤ ይህ የዓመቱ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም በ30 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12 ይወጣል። ያው ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 18። ልጆቹ እየተከተሉ ሠሩ። ከዚያ የ2017ን ራሳቸው እንዲያወጡ ታዘዙ፤ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 አገኙ። የ2016ን ሠሩ፤ 20 እና 10።

አንዲት አምስተኛ ክፍል የሆነች ልጅ እጇን አወጣች። "መርጌታ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ ለምንድን ነው 30 የሚሆኑት?" አለቻቸው። መርጌታ ፈገግ ብለው "ደንቡ ይኸው ነው፤ ከ30 አይበልጡም፣ አያንሱም" አሉ። "ለምን?" አለች ደግማ። እሳቸውም መልሱን ሊነግሯት ይችሉ ነበር። ግን "እስቲ አንቺው ንገሪን" ብለው ጠመኔውን ሰጧትና ቁጭ አሉ።

ልጆቹ ተንጫጩ። ሌላ ዓመት ሞከሩ፤ ያው 30። ሌላ ሞከሩ፤ አሁንም 30። አንዱ "እስከ ዛሬ ያሉትን ዓመታት ሁሉ እንሥራቸው" አለ። ልጅቷ ግን ቁጥሮቹን ትታ ማባዣዎቹን ማየት ጀመረች። ቆይታ ቆይታ "11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ እኮ 30 ናቸው!" ብላ ጮኸች። ወንበሩ ስንትም ይሁን ስንት፣ በ11 የተባዛውና በ19 የተባዛው ሲደመሩ ወንበሩን በ30 እንደማባዛት ነው፤ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። አልጀብራ የሚባለውን ትምህርት ገና አልደረሰችበትም። ሐሳቡን ግን በራሷ እጅ ደርሳበታለች፤ ማርክ የሰጣት የለም።

የዚህች ልጅ ካርድ ላይ ያለው ደረጃ ማንም ሰው "ልዩ ተሰጥኦ" የሚያሰኘው አይደለም። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ "ክፍል ውስጥ ታወራለች" ተብሎ ተጽፎባታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛ የመጣችው ጥያቄ "ለምን 19 ተመረጠ?" የሚል ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምሩ አባት አብረውን ስለነበሩ እሳቸውና መርጌታ ተጋግዘው አስረዷት፤ 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ሊገጥሙ ጥቂት ሰዓታት ነው የሚቀራቸው። ሁለት ሊቃውንት ለአንዲት ልጅ ጥያቄ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ቆመው ሲጽፉ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ስለዚህ ማነው ልዩ ተሰጥኦ ያለው? አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው ይላል፤ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ ለያዙት ሥራ ያለ ትጋት። ፈተና በማለፍ ጎበዝ መሆንና አዲስ ነገር በማመንጨት ጎበዝ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑም አበክሮ አስተምሯል። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ግን ካርድ የሚያሳየን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ ልጅ ስንመዘግብ ካርድ የማንጠይቀው ለዚህ ነው። የምንጠይቀው "ልጃችሁ ምሳውን የሚረሳው ምን ሲሠራ ነው?" ብለን ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም ያቃተው፣ ያልተጻፈ ተረት ለታናናሾቹ የሚያወራ፣ የብሎኩን ድመቶች ሁሉ የዘር ሐረግ የሚያውቅ ልጅ ይመጣል።

ከእነዚህ ልጆች ጋር የዋለ ሰው የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። አእምሮአቸውና ስሜታቸው እኩል አያድግም። የሰባት ዓመቱ ልጅ ጠፈር ውስጥ ስላለው ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) ሲያወራ ትልቅ ሰው ይመስላችኋል፤ ገበጣ ሲሸነፍ ግን መሬት ላይ ተንከባልሎ ያለቅሳል። "ይህን ሁሉ እያወቅህ ታለቅሳለህ?" አትበሉት፤ ሰባት ዓመቱ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ብቸኞች ናቸው። የሚወዱትን ነገር የሚወድ እኩያ አላገኙም። በእነዚህ ቅዳሜዎች ካገኘነው ጥቅም ሁሉ እኔ ትልቁ የምለው፣ ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ እዚህ የሚያወራው ጓደኛ ማግኘቱን ነው።

"ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ጽፎታል። መጠየቃችንን መቀጠል አለብን። ነገር ግን በአንድ ክፍል ስድሳ ተማሪ ፊት የሚቆሙትን መምህር አስቡ። ሃምሳ ዘጠኙን ትተው ከአንዱ ጋር ስለ አበቅቴ ሊከራከሩ አይችሉም። እዚህ የተቀመጡት መምህራን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ደክሟቸውም ቅዳሜ ይመጡልናል።

ወላጅ ተሰባስቦ ይህን መሥራቱም በእኛ አልተጀመረም። በብሪታንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈጣን ልጆች ወላጆች ማኅበር አቋቁመው በየአካባቢው የቅዳሜ ክበብ ይከፍቱ ነበር፤ ማኅበሩ ስሙን ቀይሮ ዛሬም አለ። ለእኔ ግን የሚቀርበኝ ምሳሌ የቅኔ ቤታችን ነው። ቅኔ ቤት ተማሪን በዕድሜ አይከፍልም። ልጁ ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ከቻለ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ካልቻለ እዚያው ይቆያል፤ የሚያፍርበት ነገር የለም። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። የትናንቱን መድገም አይፈቀድለትም፤ በየቀኑ አዲስ ማምጣት አለበት። የበረታው ደግሞ ለታናሹ ያስቀጽላል። ለተሰጥኦ የሚሆን ሥርዓት በእጃችን ነበረን፤ አሁንም አለን።

እና ክረምቱን ምን እናድርግ? ዓመቱን ያየነው መንገድ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ልጆቹ በመጽሐፋቸው የማያገኙትን ነገር እናሳያቸዋለን። ኤሌክትሪሺያናችን የተቃጠለ ምጣድ ይዘው መጥተው ከፍተው አሳዩ። ሽመና የሚያውቁ አባት የጥለቱ ቅርጽ ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዴት እኩል እንደሚዞር በክር ቆጥረው አስረዱ። በጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰሞን ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥተን፣ ባይኖኩላር ግድግዳ ላይ አስደግፈን ጁፒተርን አየን። ልጆቹ ከጎኗ የተደረደሩትን ጨረቃዎች በየማታው በነጥብ ሣሉ። አንድ ማታ አራት የነበሩት ሦስት ሆኑ። "አንዷ የት ገባች?" የሚለው ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ሲያከራክራቸው ሰነበተ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. በዚያው ወር እነዚያኑ ነጥቦች እየሣለ እንደነበር የነገርናቸው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሙያውን ማስያዝ ነው፤ መለካት፣ መመዝገብ፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ መፈለግ። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፤ የሳይንስ ሙዚየሙም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ልጅን እዚያ መውሰድ ከታክሲ ገንዘብ ብዙም የማያልፍ ነገር ነው። ሦስተኛው ደረጃ ልጁ ራሱ የመረጠውን ጥያቄ ይዞ ሳምንታት መቆየቱ ነው። ሁሉም እዚህ አይደርስም፤ መድረስም የለበትም።

ስለ አሠራራችን ጥቂት ልጨምር። ከልጆች ጋር አንድ አዋቂ ብቻውን አይሆንም፤ ምንጊዜም ሁለት ሰው፣ በሩም ክፍት። ይህ በማንም ላይ ጥርጣሬ አይደለም፤ ሥርዓት ነው፤ ለማንም አይላላም። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ አይከፍልም፤ ማን እንዳልከፈለም አይነገርም። የልጆቹን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አንለቅም። "ሊቁ ልጃችን" እያልን በወንድሞቹና በእኅቶቹ ፊት አናሞግሰውም፤ ሁለቱንም ይጎዳል። ውድድርና ሰርተፍኬትም የለንም፤ ያን ትምህርት ቤት ይሰጣቸዋል።

አንድ ጉዳይ ደግሞ ከልቤ ነው የምናገረው። በየቤታችን የሚሠሩ፣ ማታ የሚማሩ ወጣት ልጆች አሉ። ዓመቱን ስናስተምር ሻይ ይዛ የመጣች አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ሰሌዳውን ስታይ አስተውያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ልቀቋቸው። ተሰጥኦ የቤት ቁጥር አይቶ አይገባም። የጥበቃዎቻችን ልጆችም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩትም እንዲመጡ እንፈልጋለን። ሴት ልጆቻችንን በተመለከተም እንዲሁ፤ ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው እየተባለ ወንዱ መጥቶ እኅቱ ስትቀር ዘንድሮ አይተናል። ወንዱም ይጠብ፣ ሁለቱም ይምጡ።

ገንዘብ ለመለመን አልቆምኩም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ከእያንዳንዳችሁ የምንፈልገው በክረምቱ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። "እኔ ምን አውቃለሁ?" አትበሉ። አዋላጅ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ጠጅ የምትጥለው እናት፣ ሁላችሁም ልጅ ሰምቶ የማይጠግበው ነገር ታውቃላችሁ። አስተማሪ መምሰል አያስፈልግም፤ የምትሠሩትን ሠርታችሁ አሳዩ፤ ሲጠይቋችሁ የማታውቁትን "አላውቅም፣ እንፈልገው" በሉ።

የመጀመሪያው ሥራችን ዝናብ መለካት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በሚመጣው ቅዳሜ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳና ማስመሪያ ይዞ ይምጣ። ጣሳው አፉና ታቹ እኩል ስፋት ያለው ይሁን፤ አፉ ሰፋ ወይም ጠበብ ካለ ቁመቱን ለክተን የዘነበውን ማወቅ አንችልም። እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ይለካሉ፤ የየብሎኩን ያነጻጽራሉ፤ ለምን እንደሚለያይም እነሱው ይከራከሩበታል። የአዋቂዎቹ መመዝገቢያ ደብተር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስማችሁን፣ የብሎክ ቁጥራችሁንና የምትመጡበትን ቅዳሜ ጽፋችሁ ሂዱ፤ የነሐሴ መጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ገና ባዶ ናቸው። አመሰግናለሁ።