ካቴናው ላልቷል፣ ኮሮናውም አልቋል

ሳሚ፦ እየቀዳ ነው? እሺ። እንደምን ናችሁ። ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት የሞተር ሳይክል ካቴናና ኮሮና ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚቀየር እናወራለን።

ቤቲ፦ ቃል የገባኸው አንተ ነህ። እኔ የእማማን ታሪክ ልሰማ ነው የመጣሁት።

ሳሚ፦ እሱ መጨረሻ ላይ ነው።

ቤቲ፦ አይ፣ አሁን።

ሳሚ፦ (ሳቅ) እሺ። አፍንጮ በር ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ እማማ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ይሰሙኛል። ባለፈው ከለገሃር ተነስቼ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስወጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ልደርስ ስል ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ካቴናው ጥርሱን እየዘለለ ነው። ወርጄ ገፋሁ። ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ነው፣ ተመስገን። ከድልድዩ በኋላ ግን...

ቤቲ፦ ዳገቱ!

ሳሚ፦ ላብ በላብ ሆኜ ግቢ ገባሁ። መካኒክ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እማማ በረንዳው ላይ ቡና ይቆላሉ። እኔ ጮክ ብዬ «ካቴናው በጣም ላልቷል፣ ኮሮናውም ጨርሶ አልቋል» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ እማማ መቁላቱን ትተው ቀጥ ብለው ያዩኛል። «ማን ታሰረ?»

ቤቲ፦ (ሳቅ) ወይኔ!

ሳሚ፦ «ማንም አልታሰረም እማማ፣ የሞተሩ ነው።» «ሞተሩን በካቴና አሰሩት?» ትንሽ ዝም አሉና ደግሞ «ኮሮናስ ካለቀ ቆየ። አንተ ዛሬ ነው የሰማኸው?»

ቤቲ፦ አልችልም። ለሚያዳምጡን ግን ንገራቸው።

ሳሚ፦ ካቴና ማለት የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። ኮሮና ደግሞ የኋላው ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ነው። የፊቱ ትንሹ ፒኞን ነው። ከጣሊያን የቀረ ስም ነው። አሁን ልጆቹ ስፕሮኬት ነው የሚሉት።

ቤቲ፦ ማለቁን በምን አወቅህ?

ሳሚ፦ ጥርሱ ማጭድ ሆኗል። አዲስ ጥርስ በሁለቱም ጎን እኩል ነው። ያለቀው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ሌላም አለ። ካቴናውን ከኮሮናው ኋላ በኩል ይዘሽ ወደ ውጭ ሳቢው። ጥርሱ ግማሽ ድረስ ከታየሽ አልቆለታል። የኔ ጣት ሊያስገባ ምንም አልቀረው።

ቤቲ፦ እና ቀየርከው።

ሳሚ፦ አልቀየርኩትም! ስስት ያዘኝ። ኮሮናውን ብቻ ልቀይር፣ ካቴናውን ደግሞ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፌ ላድነው አልኩ። ቧንቧው ጋ አንድ ሳፋ ተቀምጧል። ያረጀ መሰለኝ።

ቤቲ፦ እዚህ ጋ ነው የምወደው።

ሳሚ፦ የበርበሬ ማጠቢያቸው ነው። ጠዋት ጩኸት ሰምቼ ስወጣ እማማ ካቴናውን በእንጨት አንጠልጥለው «ይሄ ምን ዓይነት እባብ ነው?» ይላሉ። ጥቁር ጋዝ ጠብ ጠብ ይላል። የዓመት በርበሬ የሚታጠብበት ሳፋ እኮ ነው ቤቲ።

ቤቲ፦ እኔ ብሆን ከነሞተርህ ነው የማስወጣህ።

ሳሚ፦ ሳፋ ገዛሁላቸው። ትልቅ። ካቴናውም አልዳነም። ያረጀ ካቴና አዲሱን ኮሮና ቶሎ ይበላዋል። ሦስቱ አብረው ነው የሚቀየሩት፤ ካቴና፣ ፒኞን፣ ኮሮና። መርካቶ ስሄድ ሻጩ «ስንት ቁጥር?» አለኝ። አሮጌውን በፌስታል ይዤ ነበር፣ 428 ተጽፎበታል። የመጀመሪያዋ 4 የኢንች ስምንተኛ ናት። አራት ስምንተኛ ግማሽ ኢንች ነው፣ ማለትም ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር። 520 ብትገዢ 15.875 ነው፣ ጥርሱ ላይ አይቀመጥም።

ቤቲ፦ ፒኞኑን አሳንሰህ ገዛህ አሉ?

ሳሚ፦ ከ14 ጥርስ ወደ 13! ኋላው 42 ነው። በፊት ፒኞኑ ሦስት ጊዜ ሲዞር ነበር ጎማው አንዴ የሚዞረው፣ አሁን 3.23 ሆነ፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ይደክማል። ቸርችልን አሁን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው።

ቤቲ፦ ቀለበት መንገድ ላይስ?

ሳሚ፦ እሱ... ትንሽ ይጮኻል።

ቤቲ፦ አየህ! ነዳጅም ይበላል።

ሳሚ፦ እኔ ቀለበት መንገድ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ፒያሳ ነው ኑሮዬ።

ቤቲ፦ እሺ፣ ዘይቱስ? ወንድሜ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው የሚቀባው።

ሳሚ፦ አታስጀምሪኝ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለ። ካቴናውን ትሞርጂዋለሽ። የካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥን ዘይት ቀቢ፣ 90 ቁጥሩን።

ቤቲ፦ የሱ ካቴና ግን ካንተ ቀድሞ አላለቀም።

ሳሚ፦ እሱ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው።

ቤቲ፦ ወይም በየሳምንቱ ስለሚቀባ። አንተ መቼ ነው የቀባኸው?

ሳሚ፦ ... እንለፈው። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ሞተር አስነስታችሁ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ካቴና በጨርቅ አትጥረጉ። ጨርቁን ይይዛል፣ ከጨርቁ ጋር ጣት ይሄዳል። ሞተር አጥፉና ጎማውን በእጅ አዙሩ።

ቤቲ፦ ይሄን ደግመህ በለው።

ሳሚ፦ ሞተር አጥፉ! እሺ፣ የካቴናው መገጣጠሚያ ክሊፕ ደግሞ በካቻቢቴ ስገፋት ተፈናጥራ ጠፋች። ሁለት ሰዓት ተንበርክኬ ፈለግኩ። እማማ ሲጠርጉ አገኟት። «ይቺ የጆሮ ጌጥ የማን ናት?»

ቤቲ፦ (ሳቅ) እማማ ባይኖሩ ምን ይውጥህ ነበር?

ሳሚ፦ የክሊፗ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው። ገልብጠሽ ከገጠምሽ በጉዞ ላይ ልትወጣ ትችላለች። ከዚያ ውጥረት። ከታች መሐሉን በጣት ስትገፊው ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀስ። ጎማውን እያዞርሽ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ለኪ። በጣም ካጠበቅሽው ኩሽኔታ ትበያለሽ።

ቤቲ፦ እና በመጨረሻ ተስተካከለ?

ሳሚ፦ ዘለላው ቆመ። ግን ማርሽ ስቀይር «ቋ!» የሚል ድምፅ አለ። ድሮም ነበር፣ በካቴናው አሳብቤ ነበር። ጎማውን ደግሜ አወረድኩ። ለካ ኮሮናው ቸርኬው ላይ ከሚቀመጥበት ሥር ትናንሽ የጎማ ቁራጮች አሉ፣ ግፊቱን የሚያለዝቡ። እንደ ደረቀ አምባሻ ሆነዋል። መጀመሪያ በእጄ ኮሮናውን ወዲህ ወዲያ ባወዛውዘው ኖሮ ያን ቀን አውቀው ነበር።

ቤቲ፦ አዲስ ገዛህ?

ሳሚ፦ የካላማዳሪ ቁራጭ ጠቀጠቅኩበት።

ቤቲ፦ ሳሚ!

ሳሚ፦ ለጊዜው! እስከ ደመወዝ።

ቤቲ፦ ስስትህ እንደገና ተነሳ። አሮጌው ሳፋስ?

ሳሚ፦ እማማ አጥበው ጤና አዳም ተክለውበታል። በቅሏል። ትናንት ሞተሩን ሳስነሳ ከበረንዳው «ካቴናው ተፈታ?» አሉኝ።

ቤቲ፦ ምን አልካቸው?

ሳሚ፦ «በዋስ ነው እማማ» አልኳቸው።