መቆለፍ እና መቆለፌ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ እንግሊዝኛ ግሦች ነው፤ ወሬው ግን ወደ አማርኛ መመለሱ አይቀርም።

ሥራ በጀመርኩበት ቢሮ፣ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሰነድ ልኬ ነበር። ሰውየው አልደረሰኝም ብሎ ሲጽፍልኝ «መላኬን አስታውሳለሁ» ለማለት አስቤ «አይ ሪመምበር ቱ ሴንድ ኢት» ብዬ መለስኩለት። እርሱ ገና ልልከው ያሰብኩ መሰለውና ሦስት ቀን ጠበቀ። እኔም ከደረሱት መልእክቶች መካከል ፈልጎ እንዲያገኘው ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ማለት የነበረብኝ «አይ ሪመምበር ሴንዲንግ ኢት» ነበር። ሥራው ተጓተተ፤ እኔም በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱም ሕጉን ትምህርት ቤት በቃሌ ሸምድጄዋለሁ።

አብዛኞቻችን እንዲሁ ነው የተማርነው። ኢንጆይ፣ አቮይድ እና ፊኒሽ «ኢንግ» ይከተላቸዋል፤ ዎንት፣ ሆፕ እና ዲሳይድ ደግሞ «ቱ»። ዝርዝሩን ደብተር ላይ እንገለብጣለን፣ ለፈተና እናጠናለን፣ ከፈተናው አዳራሽ ስንወጣ እንረሳዋለን። ያ ዝርዝር ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር በፈረንጆቹ 1924 ጃፓን ሄዶ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት በፈረንጆቹ 1942 ቶኪዮ ውስጥ ሲታተም፣ እያንዳንዱ ግሥ ከበስተኋላው ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት 25 የግሥ ንድፎችን ይዞ ወጣ። በዓለም ዙሪያ የእንግሊዝኛ ተማሪ የሚያገላብጠው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የተወለደው ከዚያ ነው። እኔን የነካኝ ሥራው የተጀመረበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ካልሆነ ልጆች ጋር ክፍል ውስጥ ከዋለ ሰው እጅ ነው የወጣው።

እኛ ግን ዝርዝሩን ወስደን የራሳችንን ቋንቋ ከክፍል አስወጣነው። ይህ ያንገበግበኛል። አስቡት፤ ከቤት ወጥታችሁ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችኋል። «በሩን መቆለፍ ረሳሁ» ካላችሁ በሩ ክፍት ነው፤ ወርዳችሁ ትመለሳላችሁ። «በሩን መቆለፌን ረሳሁ» ካላችሁ ግን በሩ ተቆልፏል። ልዩነቱን ያመጣው መጨረሻ ላይ የተቀጠለው ነገር ነው፤ ድርጊቱ ተፈጽሞ የእኔ እንደሆነ ይናገራል። «ፎርጌት ቱ ሎክ» እና «ፎርጌት ሎኪንግ» የሚለያዩት በዚሁ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ «መብላት ረሳሁ» እና «መብላቴን ረሳሁ» አይምታታበትም።

ስቶፕም እንዲሁ ነው። «ማጨስ አቆመ» ስንል ሲጋራውን ትቶታል፤ «ሊያጨስ ቆመ» ስንል ደግሞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እያቀጣጠለ ነው። የመጀመሪያው ስቶፕድ ስሞኪንግ፣ ሁለተኛው ስቶፕድ ቱ ስሞክ። እዚህ ላይ «ቱ» የእኛው «ሊ» ናት።

በእርግጥ አማርኛችን የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። «አስረዳኝ» ብለን ስለለመድን «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ይላል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «እንድ» ነው። እንድመጣ ፈለገ፣ እንድመጣ ሐሳብ አቀረበ፣ እንድመጣ ፈቀደልኝ፤ ለእኛ ሦስቱም አንድ ናቸው። እንግሊዝኛ እዚህ ይበታተናል። ዎንትድ ሚ ቱ ካም ይላል፣ ሰጀስትድ ዛት አይ ካም ይላል፣ ሌት ሚ ካም ይላል። «ሰጀስትድ ሚ ቱ ካም» የምትለው ስሕተት የምትወለደው ከዚህ ነው። መምህራን ልምምዱን ማብዛት ያለባቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቋንቋው ራሱ በሚያግዘን ቦታ ጊዜ አናባክን።

አሁን ማታ ማታ ለጥቂት አዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት «ትራይ» ላይ ደረስን። ትራይድ ቱ ኦፕን እና ትራይድ ኦፕኒንግ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ልዩነቱን ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነች ተማሪዬ ጥቂት አሰበችና፣ «መምህር፣ የመጀመሪያው መስኮቱን ለመክፈት ሞከርኩ ነው፤ ምናልባት እምቢ ብሎኛል። ሁለተኛው ግን ክፍሉ ሲሞቀኝ መስኮቱን ከፍቼ አየሁት ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሙቀቱ ግን ላይቀንስ ይችላል» አለች።

ከፍቼ አየሁት! በዚህ ሁሉ ዓመት እኔ ያልታየኝ ነገር ነው። ጠመኔውን ሰጠኋትና ራሷ ሰሌዳው ላይ እንድትጽፈው ጠየቅኳት።