ቀለበቱ ወደ እኛ ነው ወይስ ወደዛ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ኤዲተራችን የጎረቤት ዶሮ ግን እንደ ሁሌው ሰዓቱን አክብሮ ተገኝቷል።

ያቺ ቪዲዮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ቴሌግራም ላይ ልኬላችሁ ሁላችሁም በ"ዋው" ያለፋችኋት። ፀሐይን በሚከታተለው ሶሆ በሚባለው ሳተላይት ላይ ያለው ኮሮናግራፍ (የፀሐይዋን ፊት ጋርዶ ዙሪያዋን የሚያይ ካሜራ)፣ ላስኮ፣ አንድ የፀሐይ ፍንዳታ ሲወጣ የቀረፃት ናት። መሀል ላይ ፀሐይዋን የሚጋርድ ክብ መከለያ አለ፣ እላዩ ላይ ደሞ በነጭ መስመር ትንሽ ክብ ተስሏል፣ ፀሐይዋ ከኋላ ይሄን ታክላለች ለማለት። ኦክቶበር 28፣ 2003፣ በኛ ጥቅምት 17፣ 1996፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ብሎ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዛ ከመከለያው ጫፍ ጉም የመሰለ ነገር ይወጣል፣ በአንድ በኩል ብቻ ቢሆን ችግር የለውም፣ ግን በቀኝም በግራም በላይም በታችም፣ ዙሪያውን ቀለበት ሰርቶ ይሰፋል ይሰፋል... ከዛ ምስሉ በሙሉ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ቴሌቪዥን አንቴናው ሲነካ እንደሚያደርገው። የካሜራ ብልሽት አይደለም እኮ፣ ከፍንዳታው የተወረወሩት ፕሮቶኖች ሴንሰሩን እየመቱት ነው። የሚያየው ነገር ራሱ ዓይኑን አጠፋው።

እኔ ግን ከነጠብጣቡ በፊት ያለችው ላይ ነው ፖዝ የማደርጋት። ቀለበቷ ላይ። ወደ ጎን የሚሄድ ፍንዳታ ሲሄድ ታየዋለህ፣ ያልፍሃል። ቀለበት የሚሆነው ግን ወይ ፊት ለፊት ወደኛ ሲመጣ ነው፣ ወይ ደሞ ከፀሐይዋ ጀርባ ወደዛ ሲሸሽ። ሁለቱም በኮሮናግራፍ አንድ ዓይነት ናቸው! ለመለየት ሌላ ካሜራ ነው የፀሐይዋን ፊት አይቶ "አዎ፣ እዚህ ጋ ፈንድቷል" የሚለው። ይሄ ለምን እንደረበሸኝ እንጃ። የሚመጣብህ ነገር ቦታውን ሳይለቅ ዝም ብሎ ይሰፋል፣ በቃ።

ሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሆነችውን ታስታውሳላችሁ አይደል? ከሞላ ጎደል ተሸፍናም ኮሮናዋ፣ ዙሪያዋ ያለው ስስ ጋዝ፣ አልታየም። ያቺ የቀረችው ቀጭን ጠርዝ ትበቃለች፣ ኮሮና ከፀሐይዋ ገጽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ደብዛዛ ነው። እህቴ "ታዲያ ምን ልታይ ነው በሌሊት የቀሰቀስከኝ" ያለችኝ፣ አሁንም ታነሳብኛለች። እና መከለያው ትንሽ ቢሸፍን ሳይሆን እንዲህ አድርጎ ድርግም ማድረግ አለበት፣ ፕሮባ-3 በሚባለው የመንትያ ሳተላይቶች ተልዕኮ ላይማ አንዱን ሳተላይት መከለያ አድርገው ሌላውን 150 ሜትር ከኋላ አቆሙት።

ኧረ ሌላም አለ፣ የሚያስቅ። ወደ ምድር የሚመጣ ቀለበት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1979 ሶልዊንድ በሚባል ኮሮናግራፍ ነው። የተሸከመው ሳተላይት ገና እየሰራ አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ1985 ከኤፍ-15 በተተኮሰ ሚሳይል መቱት። ሙከራ ነው ብለው። የራሳቸውን! ...አይ፣ ሳስበው አያስቅም።

ምን ልል ነበር? አዎ። ወደ እኛ ነው ወይስ ወደዛ የሚለው ጥያቄ እኮ ተፈቷል ይባላል፣ በ2006 ስቴሪዮ የሚባሉት መንትያ ሳተላይቶች ወጥተው ከጎን ማየት ተጀመረ። ግን ኮሮናግራፍ ፍጥነቱን እንጂ ውስጡ ያለው ማግኔት ወዴት እንደዞረ አይነግርህም፣ ምድር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚወስነው ደሞ እሱ ነው፣ ወደ ደቡብ ከዞረ ከምድር ማግኔት ጋር ይያያዛል። ያን የምታውቀው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት ሳተላይቶች ጋ ሲደርስ ነው፣ የዛን ቀኑ ዓይነት ፍጥነት ካለው ደሞ ከዛ በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላህም። የኦክቶበሩ 19 ሰዓት ነው የፈጀው፣ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረሰ።

ቦልደር፣ ኮሎራዶ፣ የፀሐይ ማዕበልን የሚተነብየው ክፍል ጋ ፍንዳታው የታየው ሊነጋጋ ሲል ነበር። ተረኛው መምጣቱን አውቋል፣ መቼ እንደሚደርስም በግምት ያውቃል፣ ምን እንደሚያደርግ ግን... እና ያን ሁሉ ሰዓት ምን ይሰራል ሰው? ቡና ያፈላል? ምናልባት ለነሱ የተለመደ ስራ ነው፣ እኔ ነኝ የማካብደው። ወይም ደሞ... እንጃ፣ እህቴ ትክክል ሳትሆን አትቀርም፣ ቆይ ግን ያ ነጠብጣብ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን አንዴ ልያት እስቲ፣ እናንተም ክፈቷት፣ ሁለተኛዋ ፍሬም ላይ በግራ በኩል ትንሽ...