ክረምቱን ከልጆች ጋር፦ ገበጣ፣ ጭቃ፣ ጅራፍ

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ከባሕር ዳር ነን። ትምህርት ተዘግቷል፣ ቤቱ ተቀውጧል። አንተ ጋ እንዴት ነው?

እሱ፦ ኧረ ተይኝ! ሶፋው ታንኳ ሆኗል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ልዘጋጅ ብዬ የክረምት ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሰኞ እንግሊዝኛ፣ ማክሰኞ ሒሳብ፣ ረቡዕ ንባብ...

እሷ፦ ይሄማ ሌላ ትምህርት ቤት ነው።

እሱ፦ ትልቋ ቆማ አነበበችውና "አባዬ፣ እረፍቱ የትኛው ቀን ነው?" አለችኝ። በማግስቱ ቀደድኩት።

እሷ፦ እኛ ቤት እሁድ ማታ ቡና ሲፈላ ለሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል። ተራ በተራ። ባለፈው የትንሹ ተራ ነበር፤ ገበጣ አለ። ገበጣ የለንም። ከእንቁላል ካርቶን ላይ ሁለት ረድፍ ቆረጥንለት፣ 12 ጉድጓድ። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ፣ በጠቅላላው 48። አያቱን ሲያሸንፍ ብታየው! እሳቸው እንኳ አውቀው ነው የተሸነፉት።

እሱ፦ መደመርና መቀነሱ እዚያው አለልሽ፣ ያለ ሰንጠረዥ።

እሷ፦ እሺ፣ ከቤት መውጣት ለሚፈልጉስ?

እሱ፦ ጢስ ዓባይ። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ወስጃቸው "ይሄ ነው እንዴ?" ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል። ክረምት ሲሞላ ግን ሌላ ነው። 40 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው፤ ጢሱ ፊትሽን ያረጥበዋል።

እሷ፦ የድንጋዩን ድልድይ አሳየሃቸው?

እሱ፦ አዎ፣ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ብዬ ልተርክላቸው ስል የትንሹን ጫማ ጭቃ ዋጠው። ቆፍረን አጣነው! በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ፌስታል አድርጎ ተመለሰ። እስከዛሬ የሚያወራው ስለ ጫማው ነው፤ ፏፏቴውን ረስቶታል።

እሷ፦ ቦት ጫማ አልብሱ በሉና።

እሱ፦ ቅያሪ ካልሲም ያዙ። በጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ ዝናቡ አይምርም። የመንገዱንም ሁኔታ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ካልሆነ ይቅር፣ ሰፈርም ክረምት ነው።

እሷ፦ ሰፈር ካልክ፣ ለእኔ የክረምት ንጉሡ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 እስኪደርስ ልጆቹ አይተኙም። ሙልሙሉን አብረን እንጋግራለን፤ ሊጡ ግማሹ ፀጉራቸው ላይ ይቀራል። ጅራፉን የሚሠራው ግን አባቴ ነው። ቃጫውን በውሃ ያርሳል፣ በእግሩ ጣት ይይዝና ይገምዳል። ወደ ጫፉ ሲደርስ ዝም ይላል፤ እዚያ ላይ ማውራት የለም። ጫፉ ካልቀጠነ አይጮህማ።

እሱ፦ የእኔዋ "ማንንም ሳይመታ ለምን ይጮሃል?" ብላ ጠይቃኛለች። አንብቤ መለስኩላት፦ ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል።

እሷ፦ እውነትህን ነው?

እሱ፦ እውነቴን! በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። አሁን ሰፈሩን ሁሉ ታስተምራለች።

እሷ፦ ታዲያ ሜዳ ላይ ይሁን፣ ተራርቀው። ዓይን ቀልድ አያውቅም።

እሱ፦ ከዚያ ጳጉሜን 3 ይመጣል፤ ሩፋኤል። ዝናቡ ሲወርድ ልብሳቸውን አውልቀው ይሮጣሉ። ለዚህ ደግሞ ምንም ዝግጅት አይጠይቅም፣ ፎጣ ብቻ።

እሷ፦ እናቶች ግን "ጉንፋን!" እያልን በር ላይ እንጮሃለን።

እሱ፦ እናንተም ትንሽ ብትረጥቡስ?

እሷ፦ አንተ መጀመሪያ የልጅህን ጅራፍ ሥራ። ቃጫ ገዛህ?

እሱ፦ ...ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ።

እሷ፦ ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር።