ልጆችን ከቡሃቃው አታባሯቸው
(በጅማ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የልጆች አመጋገብ» ነው። ስለ አትክልቱና ስለ እንቁላሉ ከእኔ በፊት የተናገረችው የጤና ባለሙያ በሚገባ ነግራችኋለች፤ እኔ ወደ ቡሃቃው ልሂድ።

እዚህ ያለን አብዛኞቻችን ሊጥ ሲቦካ እያየን ነው ያደግነው። እርሾ ሲያልቅ ጣሳ ተሰጥቶን ጎረቤት እንላክ ነበር። የጅማ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ አላባራ፣ ሊጡ አልነሳ ሲል እናቶቻችን ቡሃቃውን በጋቢ ይሸፍኑት ነበር። ዛሬ ብዙ ልጅ እንጀራን የሚያውቀው ከሱቅ በፌስታል ሲመጣ ነው። ጋግረው የሚሸጡትን እናቶች አከብራለሁ፤ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰውም ይግዛ። የእኔ ቅሬታ እያቦኩ ልጁን «ዞር በል ከዚህ!» የሚሉ ቤቶች ላይ ነው።

አምና ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር «የእንጀራ ዓይን ከምን ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ልጅ «ምጣዱ ቀዳዳ አለው» አለ። ማንም አልሳቀበትም፤ የሚያውቅ አልነበረማ። በማግስቱ የጤፍ ዱቄትና ከቤቴ እርሾ ይዤ መጣሁ። ልጆቹ በገዛ እጃቸው አቦኩት። ጥቂቱን በፕላስቲክ ጠርሙስ ጨምረን አፉ ላይ ፊኛ አሰርንበት። ሲነጋ ፊኛው ተነፍቶ ቆሟል! እርሾው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጡ ያን ጊዜ ብነግራቸው ገባቸው፤ ከመጽሐፍ ሳነብላቸው ግን ያዛጉ ነበር። በ3ኛው ቀን ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀዳን፣ አብሲት ጣልን፣ ኩፍ ሲል ጋገርን። ምጣዱ ላይ ዓይኑ ሲከፈት ያ ልጅ የጮኸው ጩኸት ርዕሰ መምህሩን ከቢሯቸው አስወጣቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ አባት መጡ። «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው፤ ጋጋሪ ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

አባቶቼ፣ እዚህ ላይ ታገሱኝ። ይኸው ልጅ ነገ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለ እርሾ ቢያጠና ድግስ ትደግሳላችሁ። በእናቱ ቡሃቃ እጁን ቢያስገባ ለምን ታፍራላችሁ? የወንድ ልጅ እጅ ሊጥ ቢነካ ምን ይጎድልበታል? ሴቷን ደግሞ ገና በልጅነቷ ጭስ ውስጥ እንወትፋታለን፤ ሊጡ ለምን እንደሚቦካ ግን የሚነግራት የለም። እሱን አባረን፣ እሷን አስገድደን፣ ሁለቱንም እውቀቱን ነፈግናቸው! ይህን በዚህ ዓመት ማቆም አለብን፤ በየቤታችን፣ እኛው ራሳችን።

የቀረውን ላሳጥር። ጤፍ ብረት አለው፤ ብረቱን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገርም አለው። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለጥድፊያ ብላችሁ ቀኑን አታሳጥሩ። እርጎ ከልጆች ጋር ስታረጉ ወተቱን አፍሉት፤ ለብ ሲል ከቆየው እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉበት። ጥሬ ወተት ለልጅ አይሰጥም። ቆጮ ያላችሁ ጉድጓዱ ሲከፈት ልጆቹን ጥሯቸው፤ ሽታውን እየሸሸ ያደገ ልጅ ምግቡንም ይሸሻል። ለኢድ ቀሪቦ ስታዘጋጁም ገብሱ ሲቆላ አጠገባችሁ ይሁኑ። ጠላና ጠጅ የልጅ አይደሉም፤ እሱን እናንተም ታውቃላችሁ።

በሩ አጠገብ በባልዲ እርሾ አስቀምጫለሁ፤ ጠርሙስ ያላችሁ ስትወጡ ቅዱ። ዛሬ ማታ ስታቦኩ ወንዱንም ሴቷንም እጃቸውን በሳሙና አስታጥባችሁ አስገቧቸው። ምጣዱ ላይ ግን ትልቅ ሰው ይቁም፤ ይፋጃል። ሊጡ አልነሳም ያለው ልጅ ሰኞ ወደ እኔ ክፍል ይምጣና ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን።

አመሰግናለሁ።